«ለነሐሴ ግዙ» የሚሉት ጋሽ እንግዳው

የጋሽ እንግዳውን ማረፍ የሰማሁት እንጅባራ፣ ሱቄ ውስጥ፣ ደንበኛ ፊት ቆሜ ነው። የደወለችልኝ ልጃቸው ትርንጎ ናት። «ሰብለ፣ አባዬ…» አለችና ሌላው ቃል አልወጣት አለ። እኔም «እሺ፣ መጣሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ደንበኛዬ የሶላር ፓነል በሁለት እጁ አቅፎ «እህቴ፣ ይሄ ኦርጂናል ነው?» ይለኛል። «ጀርባውን አዙረህ እየው» አልኩትና እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሰውየው ደንግጦ ፓነሉን ቀስ አድርጎ መለሰው። ምን ያድርግ! ስለ ፓነል ጀርባ የሚያለቅስ ነጋዴ ከየት ያውቃል?

«ጀርባውን እዩ» የሳቸው ቃል ነበር። «ፈረስ ስትገዙ ጥርሱን ታያላችሁ፤ ሶላር ስትገዙ ጀርባውን እዩ» ይላሉ። ሱቃቸው ዳንግላ፣ ጋሪ ተራው አጠገብ ነበር። ረዥም፣ ቀጭን፣ ፀሐይም ብትከር ካፖርታቸውን የማያወልቁ ሰው። ጆሯቸው ላይ ጠመኔ፣ ኪሳቸው ውስጥ ቴስተር አይጠፋም። ቴስተር ማለት የኤሌክትሪክ ጉልበት መለኪያዋ ናት፤ ሁለት ሽቦ ያላት፣ በመዳፍ የምትያዝ። እሳቸው ግን ከገዛ ሰዓታቸው ይልቅ እሷን ነበር የሚያምኑት።

እኔ እሳቸው ዘንድ ሻጭ ሆኜ ስገባ ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። ሰው ይመጣል፣ ሶላር ይላል፣ ትሰጫለሽ፣ ይሄዳል። ኧረ የት አባቱ! ጋሽ እንግዳው ዘንድ ሶላር መግዛት ሚስት እንደማግባት ነው፤ መጀመሪያ ትጠየቃለህ። ቤትህ የት ነው? ቆርቆሮ ነው ሣር? ማታ ስንት አምፖል ታበራለህ? ቴሌቪዥን አለህ? ጎረቤት ስልክ ሊሞላ ይመጣል? መጨረሻ ላይ ደግሞ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ደጅህ ላይ ዲከረንስ ተክለሃል?» ይላሉ።

ዲከረንስ ለከሰል የሚተከለው ዛፍ ነው። የኛ አገር ገበሬ ደህና ገቢ ያገኘበት ስለሆነ ማሳው አልበቃ ሲለው እስከ በሩ ድረስ ይተክለዋል። ችግሩ ዛፉ እንደ ጉድ ያድጋል። ከአዲስ ቅዳም ከተማ አካባቢ አንድ ሰው መጥቶ «አዎ፣ ቤቴን ዙሪያውን ከብቦታል» አላቸው በኩራት። «እንግዲያው ወይ ዛፉን ወይ ሶላሩን ምረጥ። የፓነሉ አንድ ጥግ ጥላ ከወደቀበት ሁሉም ነው የሚሰንፍ» አሉት። ሰውየው ተቆጥቶ ከሌላ ሱቅ ገዝቶ ሄደ። ከጊዜ በኋላ አንገቱን ደፍቶ ብቅ አለ።

«ዛፍህ እንዴት ነው?» አሉት።

«ደህና ነው፣ አድጓል።»

«እንኳን ደስ አለህ። ሶላርህስ?»

ሰውየው ጭንቅላቱን አከከ። እኔ ከመደርደሪያው ኋላ ሆኜ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ መሰላል ይዘው አብረውት ሄደው ፓነሉን ፀሐይ ወደሚያገኝበት ወደ ጓሮው በኩል አዛወሩለት። የራሳቸው ዕቃ እንኳን አልነበረም።

ሌላው ቃላቸው «ለጥር አትግዙ፣ ለነሐሴ ግዙ» የሚለው ነው። የአዊን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዝናቡ ሲገባ አይወጣም፣ ደመናው ከራስህ በላይ ተኝቶ ይከርማል። ነጋዴው ሁሉ ሶላር የሚያሳየው በበጋ ነው። በበጋማ ማንኛውም ሶላር ጎበዝ ነው! እሳቸው ግን «ጥር ላይ ሁለት አምፖል ከበቃህ ነሐሴን አስብና ከፍ ያለውን ውሰድ፤ አቅም ካነሰህ ቴሌቪዥኑ ይቅርብህ» ይላሉ። ይሄን የሚሉት ቴሌቪዥንም እየሸጡ ነው እንግዲህ። ትርንጎ «አባዬ ገበያችንን አባረርከው እኮ» ስትላቸው «የሚመለስ ነው የማባርረው» ይሏታል።

ስለ ደረጃውም ልንገራችሁ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ፓነል ሁሉ ሰማያዊ ወይም ጥቁር መስታወት ይምሰል እንጂ አንድ አይደለም። አንደኛ ደረጃ የሚባለው፣ ነጋዴው «ኤ ግሬድ» የሚለው፣ በመስታወቱ ሥር ያሉት ካሬዎች ቀለማቸው አንድ ዓይነት የሆነ፣ ጭረት የሌለው፣ ጀርባው ያላበጠ፣ ከኋላው የተጻፈውን ጉልበት ሳያጎድል የሚሰጥ ነው። ሁለተኛው ጉልበቱ ደህና ሆኖ መልኩ ላይ እንከን ያለበት ነው፤ ወይ ቀለሙ ይዥጎረጎራል፣ ወይ ጥቂት ተጭሯል። ሦስተኛው ውስጡ የተሰነጠቀ ነው። መስታወቱ ደህና ሊመስል ይችላል፤ ጉልበቱ ግን የለም። ከዚያ በታች ያለው ለቤት አይሆንም። የኛ አገር ጣጣ ደግሞ ሦስተኛውም ሁለተኛውም ጀርባው ላይ የአንደኛ ወረቀት ተለጥፎበት ይመጣል።

ስለዚህ ጋሽ እንግዳው ወረቀት አያምኑም። ዕቃ በመጣ ቀን ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ፓነሎቹን በሙሉ ሱቁ ደጅ ላይ ይደረድሯቸዋል። አንድ በአንድ ይለካሉ፣ በስንዝራቸው ስፋቱን ያያሉ። «ይቺ መቶ ዋት ነኝ ትላለች፤ አካሏ ግን የሃምሳ ነው» ይላሉ። ከዚያ ጆሯቸው ላይ ያለውን ጠመኔ አውርደው ካርቶኑ ላይ ደረጃውን በፊደል ይጽፋሉ። ያን ሰዓት ባለጋሪው ሁሉ ፈረሱን አቁሞ ያያል። ጋሽ እንግዳው «አንደኛ» ብለው የጻፉበትን ዕቃ ዳንግላ ውስጥ የሚከራከርበት አልነበረም።

የሚገርመው ሁለተኛውን አይደብቁትም፤ ከፊት ነው የሚያስቀምጡት። «ሁለተኛ ደረጃ ነውር የለበትም። ነውሩ ሁለተኛውን አንደኛ ነው ማለቱ ላይ ነው» ይሉኛል። ከገጠር የመጣ ሰው ሲሆን ዋጋውን በአማርኛ፣ ጉድለቱን በአገውኛ ይነግሩታል። ለምን ብላቸው «ዋጋውን በየትኛውም ቋንቋ ይሰማል፤ ጉድለቱን ግን በእናቱ ቋንቋ ካልሰማ ሰማሁ አይባልም» አሉኝ። አንዲት ባልቴት ፊቱ የተጫረ ፓነል ሲያሳዩዋት ምን እንዳለቻቸው ተረጎሙልኝ፤ «ፊቱ ቢጫርም ጉልበቱ ደህና ነው» ሲሏት «እኔም እንደሱ ነኝ፣ ስጠኝ» ብላ ይዛው ሄደች። ያን ቀን ሲስቁ ዋሉ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ነው ስሙ የጠፋው። እንዴት እንደጠፋ ከኔ በቀር በደንብ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ከዳንግላ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር የሚኖሩ አቶ ዘለቀ የሚባሉ ገበሬ ልጃቸውን ሊድሩ ሆነ። በኛ አገር ሁለቱ ወገን ለሙሽሮቹ የሚሰጡት ይመዛዘናል፤ አንዱ ወገን በሬ ካለ ሌላውም በሬ ይላል። አሁን አሁን ደግሞ ሶላርም ገብቶበታል። የሙሽራዋ አባት ጊደር ሊሰጡ፣ አቶ ዘለቀ ደግሞ ለአዲሱ ቤት ሙሉ ሶላር ሊያስገቡ ተስማሙ። ሶላሩ ታዲያ «አንደኛ ደረጃ» ተብሎ በሽማግሌ ፊት ተነገረ። ጊደሯ የምትነዳው ከሠርጉ በኋላ ሁለቱ ቤተ ዘመድ በሚገናኝበት በቅልቅሉ ቀን ነው።

አቶ ዘለቀ ፓነሉን ከኛ ነው የገዙት። እኔው ራሴ ነኝ ፀሐይ ላይ የያዝኩት፤ ጋሽ እንግዳው ለኩት፣ ካርቶኑ ላይ «አንደኛ» ብለው ጻፉ። አንደኛ ነበር። «እኔ መጥቼ ልስቀልልህ» ሲሏቸው አቶ ዘለቀ «የእህቴ ልጅ ይችላል፣ አይድከሙ» ብለው በጋሪ ጭነው ሄዱ።

ሠርጉ አለፈ። የቅልቅሉ ዕለት ረፋዱ ላይ አንድ ሰው በፈረስ ሱቃችን ደጅ ደረሰ። «ጋሽ እንግዳው፣ ይድረሱ፤ ትዳር ሊፈርስ ነው» አለ። ተነስተን ሄድን፤ እኔ ቴስተሩን ይዤ፣ እሳቸው ካፖርታቸውን ለብሰው።

ስንደርስ ድግሱ ቀርቦ የሚበላ ሰው የለም። የሙሽራዋ አባት ቆመው ይጮሃሉ። «ለልጄ ጭላንጭል ሰጥተው ጊደሬን ሊነዱ! መብራቱ ራት ሳይበላ ይጠፋል። ይሄ ነው አንደኛ ደረጃ? ያታለለኝ ቤት ልጄን አላሳድርም፣ ዛሬውኑ ይዣት እሄዳለሁ!» አቶ ዘለቀም ከወዲያ ሆነው «እኔ አንደኛ ብዬ ገዝቻለሁ፤ ያጭበረበረ ካለ ነጋዴው ነው!» ይላሉ። ሽማግሌዎቹ መሀል ተቀምጠው ይህንንም ያንንም ለማብረድ ይደክማሉ።

ጋሽ እንግዳው መሰላል አስመጡ። ፓነሉን ከጣሪያው አስወረዱት፤ ፀሐይ ላይ አዘንብለው ጠረጉት፣ ለኩት። ከዚያ ደግመው ለኩት። ጉልበቱ ግማሽም አይሞላም። ጎን ለጎን ሆነን ስናየው መሀሉ ላይ ያሉት ካሬዎች እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ተሰነጣጥቀዋል፤ ዳር ዳሩ ደህና ነው። መስታወቱ ምንም አልሆነም።

ቀና ብለው «ካርቶኑ የት አለ?» አሉ።

ካርቶኑ መጣ። መሀሉ ጎድጉዷል። አይተው አጣጥፈው ከጎናቸው አስቀመጡት። እኔም ገባኝ። ሱቅ ውስጥ ሁልጊዜ የሚነግሩኝ ነው፤ ፓነል በጠፍጣፋው አስተኝቶ ላዩ ላይ ጭነት መጫን ወይም መቀመጥ ውስጡን ይሰባብረዋል። «ደረጃው ከፋብሪካ ይወጣል፣ ጋሪ ላይ ይወርዳል» ይሉ ነበር።

ውኃ ልጠጣ ብዬ ወደ ጓዳው ስሄድ ሙሽራዋ እጄን ያዘችኝ። ማስተዋል ትባላለች፤ ገና እጇ ላይ ያለው ሂና አልለቀቀም።

«እቴ፣ እኔ ነኝ» አለችኝ።

«ምኑ ነሽ?»

«ካርቶኑ ላይ የተቀመጥኩት። ከሠርጉ በፊት ገበያ ወጥቼ በዚያው ጋሪ ነው የተሳፈርኩ። ቦታ አልነበረም። መስታወት መሆኑን መች አወቅሁ፣ ካርቶን ነው ያየሁት።»

«ሌላ ሰው ነበር ከኋላ?»

«እኔ ብቻ። አባባ ዘለቀ ከፊት ከባለጋሪው ጋር ነበሩ።» ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። «አማቴ ቢሰሙ ‹ገና ደጃችንን ሳትረግጥ ቤታችንን አጨለመች› ነው የሚሉኝ። ዕድሜ ልኬን ስሜ ይሄው ነው። አባቴ ደግሞ ለኔ ብሎ የሚያደርገውን አታዪም?»

ምን ልበላት? እውነቷን ነው። እዚህ አገር እንዲህ ያለ ቃል አንዴ ከወጣ ሙሽራ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ልጅ ብትታመም እሱ ነው፣ ላም ብትጨነግፍ እሱ ነው። «ሰው ተቀምጦበታል» ማለት ደግሞ እሷን በስሟ መጥራት ነው፤ ከኋላ የነበረች እሷ ብቻ ናት። ወጥቼ ለጋሽ እንግዳው በጆሯቸው ነገርኳቸው። ቴስተሩን መልሰው ሰጡኝ።

ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሙ።

«ወገኖቼ፣ ድግሱ እየቀዘቀዘ ነው፤ አላደክማችሁም» አሉ። «አቶ ዘለቀ አላጭበረበረም። ጥፋቱ የኔ ነው። ዕቃው ከሱቄ ሲወጣም የተበላሸ ነበር፤ አንደኛ ብዬ የጻፍኩበት እኔ ነኝ። ዛሬውኑ ሌላ አምጥቼ በእጄ እሰቅላለሁ።»

«ጋሼ!» ብዬ ጮህኩ ሳላስበው። ክንዴን ጨመቅ አደረጉኝ።

የሙሽራዋ አባት «አይ እንግዳው! ለሰው ዕቃ ደረጃ የምታወጣው አንተ ነህ? ለራስህ ስንተኛ ሰጠህ?» አሏቸው። ሰው ሳቀ። እሳቸው ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ። ሲጮሁ የነበሩት አቶ ዘለቀ ግን ድምጻቸው ጠፋ፤ መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ያኔ ንዴት ነው ብዬ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሁለቱን አባቶች አስታረቁ፣ ጊደሯም ተነዳች፣ ሰው ወደ ማዕዱ ቀረበ። ቀን ሳይመሽ አዲሱ ፓነል ተሰቀለ።

ስንመለስ ጋሪው ላይ ተንጨረጨርኩ። «ምን በወጣዎት? አንደኛ ነበር እኮ! እኔ ይዤው፣ እርስዎ ለክተውት!»

«አንደኛ ነበር» አሉ።

«ታዲያ ለምን ዋሹ? እርስዎ ሁለተኛን አንደኛ ማለት ነውር ነው ያሉኝ ሰውዬ!»

«ነውር ነው» አሉ። «ስሚ ሰብለ። የኔ ስም ብዙ ዘመን የለበስኩት ነው፤ ቢቀደድም ከላዬ አይወልቅም። የዚያች ልጅ ገና ዛሬ ነው የሚለበሰው። ዛሬ ከቀደዱባት በምን ትሸፈን?»

«ሰውስ ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል። አንቺ ግን ለማንም እንዳትናገሪ። ሆድ ይፍጀው።»

ሰው ያለውን አለ። ከዚያ ወዲያ «አንደኛ» ብለው ካርቶን ላይ ሲጽፉ ባለጋሪዎቹ ይጠቃቀሱ ጀመር። ገዢው የሚመረምርለት ሰው ከሌላ ቦታ ይዞ ይመጣል። ጋሽ እንግዳው ቴስተራቸውን አውጥተው ይሰጡታል። «ለካው፣ እኔን አትመን» ይላሉ፤ አጠቃቀሙን እያሳዩ። እኔ ውስጤ ይቃጠላል። እሳቸው ግን አይተው እንዳላዩ ያልፉታል፤ አንዳንዴ ብቻ ሱቁ ጭር ሲል ጠመኔውን በጣታቸው እያንከባለሉ ረጅም ሰዓት ይቀመጣሉ። ያን ሳይ ሄጄ አደባባይ ላይ ልጮህ ያምረኛል። ግን ቃል ሰጥቻለሁ።

ኋላ እኔ እንጅባራ ሄጄ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። የት ተማርሽ ሲሉኝ «ጋሽ እንግዳው ዘንድ» እላለሁ። «ኧረ? እንግዲያው ደጋግመን እንለካዋለን» ይሉኛል እየሳቁ። «ለኩት!» እላለሁ ቴስተሩን ፊታቸው እየወረወርኩ። በዚህ ምክንያት የተጣላሁት ሰው ጥቂት አይደለም።

እንግዲህ ትርንጎ የደወለች ዕለት ሱቄን ዘግቼ በሚኒባስ ዳንግላ ገባሁ። ቀብሩ ላይ ደረስኩ። በማግስቱ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠናል። ትርንጎ ከኔ ጎን ናት፣ ከል ለብሳለች። ለቀስተኛው ስለሟቹ ያወራል፤ ለታመመ ሰው ቤት ብርሃን በነጻ መስቀላቸውን፣ በአገውኛ የሚያወጉትን ቀልድ። ደስ የሚል ወሬ ነበር። ከዚያ አንድ ጎልማሳ ነጋዴ ከንፈሩን መጠጠና «ደግ ሰው ነበሩ። ያቺ የፓነሏ ነገር ብቻ ባትኖርባቸው» አለ። ሁለት ሦስት ሰው «እሱስ አዎ፣ ሰው ነው ይሳሳታል» አሉ።

ደሜ ፈላ። አፌን ልከፍት ስል ከኋላ በኩል ካሉት ሴቶች መሀል አንዷ ብድግ አለች። ልጅ አዝላለች። ማስተዋል ናት።

«ጋሽ እንግዳው አላታለሉም» አለች። ያዘለችውን ልጅ ከፍ አድርጋ ቀጠለች። «ዕቃው ደህና ነበር። ጋሪ ላይ የተቀመጥኩበትና የሰበርኩት እኔ ነኝ። ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ፤ እንዳልሰደብ ብለው ነው በራሳቸው ላይ ያወሩት። በሕይወት እያሉ መናገር ነበረብኝ፤ ፈራሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

አማቷ፣ የአቶ ዘለቀ ሚስት፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። የሚሉትን ለመስማት ሁሉም ወደሳቸው ዞረ። ከሳቸው በፊት ግን ከወንዶቹ በኩል አቶ ዘለቀ በዱላቸው ተደግፈው ተነሱ። አርጅተዋል።

«ቁጭ በይ ልጄ» አሉ። «አንቺማ ምን አጠፋሽ? ቦታ የለም፣ ካርቶኑ ላይ ተቀመጪ ያልኩሽ እኔ አይደለሁም? ይሄን ሁሉ ዓመት እኔን ብለሽ ዝም አልሽ።» ወደ ሰዉ ዞሩ። «እንግዳው ካርቶኑን አስመጥቶ ሲያይ የኔ ጥፋት እንደሆነ ወዲያው ገብቶኝ ነበር። ሽማግሌ ፊት ጮኼ ነበርና አፈርኩ። እሱ ሲሰደብ ቁጭ ብዬ ሰማሁ፤ ከዚያም ማዕድ ቀርቤ በላሁ። ወንድነቱ የሱ ነበር።»

ያ ነጋዴ አንገቱን ደፋ። አንድ ሽማግሌ «እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር» አሉ፤ ሰው ሁሉ «ይማር» አለ። እኔ ደስ ብሎኝ ይሁን አዝኜ ሳላውቅ ትርንጎን እጇን ያዝኳት። ከቀብሩ ጀምሮ አንዲት ዘለላ እንባ ያላወጣች ልጅ ዓይኗን አፍጥጣ ታየኛለች።

«አንቺ ታውቂ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ። እንዳልናገር ቃል አስገብተውኝ ነው።»

«እኛ ቤት እኮ አንድ ቀን አልተናገረም፣ ሰብለ። እናቴ አኩርፋው ነበር። እኔም ገበያ ላይ አብሬው መሄድ አፍሬ፣ መንገዱን ማዶ ለማዶ ነበር የምንሄደው። ሰው ያለውን እኛም አምነን ነበር እኮ» አለችና፣ ያን ጊዜ ነው አባቷን ያለቀሰችው።